ንባብና ትርጓሜ በሜሮዌ ፍርስራሽ

በ1911 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ «ሜሮዌ፥ የኢትዮጵያውያን ከተማ» የሚል አርእስት ያለው መጽሐፍ ታትሞ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ጸሓፊዎቹ ሦስት ናቸው፤ ይኸውም ቁፋሮውን የመራው የሊቨርፑሉ መምህር ጆን ጋርስታንግ፥ ስለ ከተማዪቱ ታሪክ የጻፈው አርችባልድ ሴይስ፥ በድንጋይ ላይ የተገኙትን ጽሕፈቶች የመረመረው ፍራንሲስ ግሪፊት ናቸው። መጽሐፉ የሚናገረው በ1909 ተዠምሮ በ1910 ስለ ተፈጸመው ስለ መጀመሪያው የበጋ ወራት ሥራ ብቻ ነው። ቁፋሮው ግን እስከ 1914 ድረስ አምስት በጋ ቆየ። ከዚያ ወዲያ ታላቁ ጦርነት ተነሣና ሥራው ተቋረጠ፤ ለቀሩት አራት ወራት ባጭር ባጭሩ ከወጡት መግለጫዎች በቀር ሙሉ መጽሐፍ ሳይጻፍላቸው ቀረ። ጉድለቱ የተሞላው ከ83 ዓመት በኋላ ነው፤ የሀንጋሪው ሊቅ ላስሎ ቶሮክ በሊቨርፑል ተከማችቶ የኖረውን የጋርስታንግን ማስታወሻና ፎቶግራፍ ሰብስቦ በ1997 በሁለት ክፍል አሳተመው። እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ጐን ለጐን አድርጎ የሚመለከት አንባቢ አንድ ከተማ እንዴት እንደ ተነበበና ምን ያህሉ ሳይነበብ እንደ ጠፋ ለማስተዋል ይችላል።

ሜሮዌ በሱዳን አገር በዓባይ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር፥ ከካርቱም ወደ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በግራውያ በሚባለው መንደር አጠገብ ትገኛለች። የጽርእ ጸሓፊዎች አገሩን «የሜሮዌ ደሴት» ይሉታል። እውነተኛ ደሴት አይደለም፤ ነገር ግን በአንድ ወገን ታላቁ ወንዝ፥ በሁለተኛው ወገን ተከዜን የሚቀበለው አትባራ፥ በሦስተኛው ወገን ከጣና የሚወጣው ዓባይ ስለሚከቡት ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከጎንደር ተነሥቶ በስናር በኩል ወደ አገሩ ሲመለስ በ1772 በዚህ ሥፍራ አለፈ፤ የወደቁትንም ድንጋዮች አይቶ ይህች ሜሮዌ ሳትሆን አትቀርም ብሎ ጠረጠረ። ጥርጣሬው እውነት ሆነ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ግን እንደ እርሱ አይተው ያለፉ አይደሉም። ፌርሊኒ የሚባል ኢጣልያዊ ሐኪም በ1834 የንግሥት አማኒሻኬቶን ፒራሚድ ከላይ ጀምሮ አፈረሰው፤ ያገኘውንም የወርቅ ጌጥ ወደ አውሮፓ ወስዶ ሸጠው። ጌጡ በበርሊንና በሙኒክ ቤተ መዘክር ይገኛል፤ የነበረበት ፒራሚድ ግን ወደ ፍርስራሽነት ተመለሰ።

ጋርስታንግን ከፌርሊኒ ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር ፍርድ ማጣመም ነው። ፌርሊኒ ሀብት ፈላጊ ነበረ፤ ጋርስታንግ ዕውቀት ፈላጊ ነው። ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ የግድግዳዎቹን ሥዕል በወረቀት አስነሥቷል፤ ለየሕንፃው የሰጠው ቍጥርም እስከ ዛሬ የሊቃውንት መግባቢያ ሆኖ ይኖራል። በእርሱ ላይ የሚቀርበው ነቀፌታ ሌላ ነው፤ ይኸንንም ለመረዳት የንባብና የትርጓሜን ሥርዓት ማስታወስ ይበቃል።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሕፃን አስቀድሞ ፊደል ይቈጥራል፤ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን፥ ወንጌሉን፥ ዳዊቱን በንባብ ይወጣል። ትርጓሜ የሚሰማው ንባቡ ከቀና በኋላ ነው። ተነሹን ጥሎ ወዳቂውን አንሥቶ የሚያነብ ተማሪ ምሥጢር ልናገር ቢል መምህሩ አይሰማውም፤ ወደ ንባቡ ይመልሰዋል እንጂ። የትርጓሜው መምህር ደግሞ አንዱን ኃይለ ቃል ሲፈታ በአንድ መንገድ ብቻ ፈትቶ አይቆምም፤ «አንድም» እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያመጣል። ከመምህራኑ አንዱ ቢሳሳት ብራናው እንዳለ አለና ሌላው ተነሥቶ ያቀናዋል።

ምድር ግን አንድ ጊዜ ብቻ የምትነበብ መጽሐፍ ናት። ቆፋሪ የላይኛውን አፈር ካላነሣ የታችኛውን ለማየት አይችልም፤ ያነሣውንም ወደ ነበረበት ለመመለስ አይቻለውም። አንድ የሸክላ ስባሪ ከቤቱ ወለል በላይ ቢገኝ ቤቱ ከተሠራ በኋላ የወደቀ ነው፤ ከወለሉ በታች ቢገኝ ቤቱ ከመሠራቱ በፊት የነበረ ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ስንዝር አፈር ብቻ ሊኖር ይችላል፤ የብዙ መቶ ዓመት ታሪክ ግን በዚያች ስንዝር ላይ ይወሰናል። እንግዲህ የእያንዳንዱን ንጣፍ አፈር ቀለም፥ ውፍረትና በውስጡ የተገኘውን ሳይጽፍ የሚቆፍር ሰው ገጹን እያነበበ የሚያቃጥል አንባቢ ነው። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው መምህር «አንድም» ሊል ቢወድ የሚመለከተው ብራና አያገኝም።

ጋርስታንግ ያደረገው ይህንኑ ነው። ወርዱ 200 ሜትር፥ ርዝመቱ 400 ሜትር ያህል በሆነ የድንጋይ ቅጥር የተከበበውን የነገሥታቱን ሠፈር በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን አስጠረገው። ሠራተኞቹ ግንቡን እየተከተሉ አፈሩን አወጡ፤ ግንቡ ታየ፥ በግንቡ መካከል የነበረው የዘመን ቅደም ተከተል ግን ተደባለቀ። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሰው የኖረበት፥ ቤት በቤት ላይ የተሠራበት ሥፍራ በካርታ ላይ በአንድ ቀን የተሠራ መንደር መስሎ ታየ። ቶሮክ በመጽሐፉ የደከመው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ነው፤ የትኛው ግንብ ከየትኛው እንደሚቀድም ከፎቶግራፍ ጥላና ከአጭር ማስታወሻ እየለቀመ ለማቅናት ይሞክራል። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል፤ ብዙ ጊዜም ማስታወሻው ዝም ስለሚል እርሱም ዝም ለማለት ይገደዳል። የቶሮክ መጽሐፍ ለንባብ አስቸጋሪ ነው፤ ሠንጠረዡና ቍጥሩ ያደክማል። ቢሆንም ሌላው ያበላሸውን ንባብ ለማቃናት የተቀመጠ ሰው ትዕግሥት በየገጹ ይታያልና ምስጋና ይገባዋል።

ንባቡ ሳይቀና ትርጓሜው እንዴት እንደ ቸኰለ ለማሳየት ሁለት ምሳሌ ይበቃል። ከከተማዪቱ በስተ ምሥራቅ ከሜዳው ላይ አንድ መቅደስ ተገኘ። ሄሮዶቱስ በታሪኩ ሦስተኛ መጽሐፍ በኢትዮጵያውያን አገር «የፀሐይ ማዕድ» የሚባል ሥፍራ እንዳለ ጽፏልና እነ ጋርስታንግ ይህ መቅደስ ያው ነው አሉ፤ «የፀሐይ ቤተ መቅደስ» የሚለውም ስም ጸንቶ ቀረ። ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ሂንክል በ1980ዎቹ ዓመታት ሥፍራውን እንደ ገና ቆፍሮ በዝርዝር መረመረ፤ መቅደሱም ከአሞን አምልኮ ጋር የተያያዘ፥ ልዑል አኪኒዳድ ያሠራው መሆኑን አስረዳ። ሄሮዶቱስ የጻፈው አኪኒዳድ ከመወለዱ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ነው። ሁለተኛው ምሳሌ በቅጥሩ ውስጥ የተገኘው ጥልቅ የውኃ ገንዳ ነው። በዙሪያው ቀለም የተቀቡ ምስሎች፥ ዋሽንት የሚነፋና በገና የሚመታ ሰው ነበሩ። ጋርስታንግ «የነገሥታት መታጠቢያ» ብሎ ሰየመው፤ የሮማውያን ዓይነት መታጠቢያ ቤት ነው ማለቱ ነው። ነገር ግን በሮማውያን መታጠቢያ ቤት የሚገኘው ሥርዓት በዚህ አይገኝም። ቶሮክና ከ1999 ጀምሮ ሥፍራውን እንደ ገና የመረመሩት ጀርመናውያን ነገሩን ከውኃ በዓልና ከወንዙ ሙላት ክብር ጋር ያያይዙታል። ይህም ትርጓሜ የመጨረሻው ላይሆን ይችላል፤ አንድም፥ አንድም እያለ የሚሄድ ነው። የጋርስታንግ ጉድለት መሳሳቱ አይደለም፤ በሮማውያን ቤት ያየውን በሜሮዌ ቤት ማግኘት መፈለጉ ነው።

ይህ ጠባይ በኋላም አልለቀቀውም። በ1930ዎቹ ዓመታት በፍልስጥኤም አገር ኢያሪኮን ቆፍሮ የወደቀ ቅጥር ባገኘ ጊዜ ይህ ኢያሱ የጣለው ቅጥር ነው ብሎ አወጀ፤ ብዙ ምእመናንም ደስ አላቸው። ካትሊን ኬንየን በ1950ዎቹ ዓመታት ንጣፉን በንጣፉ ለይታ በቆፈረች ጊዜ ግን ያ ቅጥር ጋርስታንግ ከሰጠው ዘመን አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቀድሞ የወደቀ ሆኖ ተገኘ። መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያለ ጠበቃ አያስፈልገውም፤ ነገ በሚወድቅ ማስረጃ የሚደገፍ ሃይማኖት ከማስረጃው ጋር አብሮ የሚወድቅ ይመስለዋልና።

ንባቡ በቀና ሥፍራ ግን ትርጓሜው እንዴት እንደሚያምር በዚያው በሜሮዌ ይታያል። በታኅሣሥ ወር 1910 ወደ አንድ ትንሽ ቤተ ጣዖት በሚያስገባው ደረጃ ሥር በአሸዋ ውስጥ ከነሐስ የተሠራ የአውግስጦስ ቄሣር ራስ ተገኘ። ዐይኖቹ በመስታወትና በድንጋይ እንደ ተለበጡ ናቸው፤ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ይታያል። ስትራቦን እንደ ጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ዓመት ገደማ የኩሽ ሠራዊት በአስዋንና በፊላይ አደጋ ጥሎ የቄሣርን ምስሎች ማርኮ ሄደ፤ ጴጥሮንዮስ የሚባለው የሮማ ገዥም ናፓታን በመውጋት ብድር መለሰ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ መልእክተኞች በሳሞስ ደሴት ከቄሣር ጋር ታረቁ። ራሱ በገበያ የተገኘ ቢሆን ኖሮ አንድ ያማረ የነሐስ ሥራ ብቻ በሆነ ነበር። በደረጃ ሥር እንደ ተገኘ ስለ ታወቀ ግን ወጪ ወራጁ ሁሉ በእግሩ እንዲረግጠው ተብሎ የተቀበረ የድል ምልክት ነው ለማለት ተቻለ። በሳሞስ ዕርቅ የፈረመች አገር በቤቷ የጠላቷን ራስ ስትረግጥ ኖረች። ይህን ያህል ነገር የተናገረው የነሐሱ መልክ አይደለም፤ የተገኘበት ሥፍራ ነው።

የቀሩት ብዙ ዕቃዎች ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። የቁፋሮውን ወጪ ያዋጡ ባለጸጎች ከተገኘው ዕቃ ድርሻ ይቀበሉ ስለ ነበረ ሸክላው፥ ዶቃውና ምስሉ በብዙ አገር ተበተነ። ቶሮክ ዕቃውን በአንድ አገር፥ ማስታወሻውን በሌላ አገር እየፈለገ እንዲያጣምር የተገደደውም ስለዚህ ነው።

የጋርስታንግን ተቃራኒ ለማየት የሚወድ አሜሪካዊውን ጆርጅ ራይስነርን ይመልከት። ራይስነር ከ1920 ዠምሮ የሜሮዌን ፒራሚዶች ቆፈረ። የነገሥታቱን ተራ፥ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም የሚያሳየውን መዝገብ ያቆመ እርሱ ነው። ያልጻፈው ንጣፍ፥ ያልቈጠረው ስባሪ የለም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን የዚያ ሁሉ ጥንቃቄ ባለቤት ጥቍር ሕዝብ ይህን ሊሠራ ይችላል ብሎ ለማመን አልፈቀደም። የኩሽ ነገሥታት ከሊቢያ የመጡ ናቸው አለ፤ በከርማ የቆፈራቸውን ታላላቅ መቃብሮችም የግብፅ ሹማምንት መቃብሮች ናቸው አለ። ስዊሳዊው ሻርል ቦኔ ከ1970ዎቹ ዓመታት ዠምሮ ከርማን እንደ ገና ቆፍሮ የገዛ ራሱ ነገሥታት የነበሩት የኩሽ መንግሥት ዋና ከተማ መሆኗን አሳየ። የራይስነር ትርጓሜ ወደቀ፤ ንባቡ ግን አልወደቀም። የጻፈው መዝገብ ስላለ፥ እርሱን የሚነቅፉት ሊቃውንት የሚነቅፉት በገዛ እጁ ጽሑፍ ነው። ከሁለቱ ጉድለት የቱ ይከፋል ቢባል መልሱ አያከራክርም። ትዕቢተኛውን ተርጓሚ ትውልድ ያርመዋል፤ ቸልተኛውን አንባቢ ግን የሚያርመው የለም።

ከ1911ዱ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ሳያረጅ የቆየው ክፍል የግሪፊት ነው። ግሪፊት በግብፅ ፊደልና በሜሮዌ ፊደል የተጻፉትን የንጉሥ ናታካማኒንና የንግሥት አማኒቶሬን ስሞች አስተያይቶ የሜሮዌን 23 ፊደላት ድምፅ ለየ። ፊደላቱ ቃልን ከቃል በተደራረበ ነጥብ ይለያሉ፤ በኋላም ጀርመናዊው ፍሪትስ ሂንትሰ እንዳስረዳው ፊደሉ ብቻውን ሲጻፍ «አ» የሚል ድምፅ በውስጡ አለ፤ ሌላ ድምፅ ሲፈለግ ምልክት ይጨመርለታል። ይህን የሚሰማ የግዕዝ ፊደል የቈጠረ ሰው ልቡ መሸፈቱ አይቀርም። ነገር ግን መመሳሰል መወለድ አይደለም፤ የሜሮዌ ፊደል መልኩ የተወሰደው ከግብፅ፥ የግዕዝ ፊደል መልኩ የተወሰደው ከደቡብ ዐረብ ነው።

ግሪፊት ሊገልጠው ያልተቻለው የቋንቋው ፍች ነበረ፤ ከእርሱም በኋላ የተነሡት ሊቃውንት እስከ ዛሬ የገለጡት ጥቂቱን ነው። የሜሮዌ ጽሕፈት ዳዊቱን ደግሞ ግዕዙን እንዳልፈታ ተማሪ ነው፤ ይነበባል፥ አይተረጐምም። ንጉሥ «ቆሬ»፥ ውኃ «አቶ»፥ እንጀራ «አት» እንደሚባል ታውቋል፤ በመቃብር ድንጋይ ላይ ለሞተው ሰው ብዙ ውኃና ብዙ እንጀራ እንዲሰጠው ይለመናል። ፈረንሳዊው ክሎድ ሪሊ በዚህ ዘመን ቋንቋው ከኑብያ ቋንቋዎችና በምዕራብ ኤርትራ በባረንቱ አቅራቢያ ከሚነገረው ከናራ ቋንቋ ጋር አንድ ወገን መሆኑን በብዙ ማስረጃ አስረድቷል። የናራ ሽማግሌዎች ስለ ዝናምና ስለ ከብት በሚነጋገሩበት ቋንቋ ውስጥ የሜሮዌ ነገሥታት ቃል ዘመድ ይገኛል። የሪሊ ሥራ የሚመሰገነው የማያውቀውን ቃል ሳይፈታ ስለሚተው ነው።

ጋርስታንግ በ1914 ከሜሮዌ በስተ ደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐማዳብ ትልቅ የተጻፈበት ሐውልት አገኘ። ጽሕፈቱ ከሜሮዌ ጽሕፈቶች ሁሉ ከረጅሞቹ አንዱ ነው። በመዠመሪያው የንግሥት አማኒሬናስና የልዑል አኪኒዳድ ስም ይነበባል፤ አማኒሬናስም «ቆሬ» እና «ካንዳኬ» በሚሉ በሁለት ማዕርጎች ትጠራለች። ከሮማውያን ጋር ስለ ተደረገው ጦርነት ይናገራል የሚሉ አሉ፤ ከቃሎቹ አንዱ ሮም ሊሆን ይችላልና። ይሁን እንጂ ዐረፍተ ነገሩ ሳይፈታ ነገሩ ተፈታ ለማለት አይቻልም።

የማዕርጉ ስም ግን ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ታላቅ ነገር ነው። በግብረ ሐዋርያት በምዕራፍ 8 ቍጥር 27 ፊልጶስ ያጠመቀው ጃንደረባ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ሹም ነበረ ይላል። ህንደኬ የአንዲት ሴት ስም ሳይሆን እንደ ፈርዖን እንደ ቄሣር ማዕርግ መሆኑን የሜሮዌ ድንጋዮች አስረዱ፤ ሉቃስም የጻፈው ቃል በዚያው ዘመን በዚያው አገር ይነገር የነበረ ቃል መሆኑ ታወቀ። ኢያሪኮ ላይ ያልተገኘው ማስረጃ እነሆ ማንም ሳይፈልገው በሐማዳብ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የሚጐመዝዝ ነው። ጃንደረባው የሜሮዌ ሰው ከሆነ በመጽሐፉ አርእስት ላይ ያለው «ኢትዮጵያውያን» ማን ነው? ጽርኣውያን ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቍር ሕዝብ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር፤ ሰብዓ ሊቃናትም ኩሽ የሚለውን ዕብራይስጥ ኢትዮጵያ ብለው ተረጐሙት። ንጉሥ ዔዛና በአክሱም ባስቀረጸው ጽሕፈት ማዕርጎቹን ሲቈጥር በጽርኡ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ይላል፤ ይህም በሌላው ቋንቋ ሐበሻት ለሚለው የቆመ ነው፤ ካሱን ግን ለብቻው ይቈጥራል። ካሱ ኩሽ ነው። ስለዚህ ዔዛና ራሱ ሁለቱን ስም ለይቶ ያውቅ ነበር። ስሙ ከወንዙ ወደ ደጋው እንዴት እንደ ወጣ ረጅም ታሪክ አለው፤ ያ ታሪክ እውነተኛ ስለ ሆነ የሜሮዌን ፒራሚድ የአክሱም ሰዎች ሠሩት ብሎ በመናገር መደገፍ አያስፈልገውም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ችኰላ አለ፤ ይኸውም ዔዛና ሜሮዌን አፈረሳት የሚለው ነው። በግዕዝ የተጻፈው ሐውልቱ በአራተኛው መቶ ዓመት ተከዜን ተሻግሮ ኖባን እንደ ወጋ፥ የግንብና የሣር ከተሞችን እንዳቃጠለ፥ እስከ ካሱ እንደ ደረሰ ይናገራል። የሜሮዌን ስም ግን አይጠራም። በሜሮዌም ለአንድ የአክሱም ንጉሥ የሚሰጡ የጽርእ ጽሕፈት ስባሪዎች ተገኝተዋል፤ አንዱን ያሳተመው ሴይስ ነው። እንግዲህ የአክሱም ሠራዊት በከተማዪቱ ደርሷል ቢባል ያስኬዳል፤ ነገር ግን ከተማዪቱ ከዚያ አስቀድሞ እየደከመች እንደ ነበረ፥ ኖባም በአገሩ ላይ ገብተው እንደ ነበሩ ከራሱ ከሐውልቱ ይታያል። ጋርስታንግ የላይኞቹን ንጣፎች ሳይጽፍ ባያስጠርግ ኖሮ የመጨረሻዪቱ ቀን ምን እንደ ነበረች፥ እሳት ወይስ ዝም ያለ መተው፥ ከአፈሩ ማወቅ ይቻል ነበር። በነገሥታቱ ሠፈር ያ ገጽ የለም።

በሌላው ወገን ግን አለ። ፒተር ሺኒ ከ1965 እስከ 1984 የሕዝቡን ሠፈር በጥንቃቄ ቆፈረ፤ ሴይስ የእንግሊዝ አገር የብረት ከተማን እስኪያስታውሰው ድረስ ያደነቀው የብረት ዝቃጭ ክምርም ከ2012 ዠምሮ በጄን ሀምፍሪስ ተመርምሮ የብረት ማቅለጡ ሥራ ከሺህ ዓመት በላይ እንደ ቆየ ታወቀ። ሥፍራው በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ በካርቱም የነበረው ብሔራዊ ሙዚየም ተዘረፈ፤ ቆፋሪዎቹም ተበተኑ። ከነገሥታቱ ቅጥር በስተ ምሥራቅ፥ በሰሜንና በደቡብ ያሉት የሕዝቡ ጕብታዎች አብዛኛው ክፍላቸው ገና አካፋ አልነካቸውም።